አንድ ዘመን፣ ሁለት አንድነት፦ ከደረስጌ እስከ ቱሪን፣ ከጣና ዳር እስከ ዓድዋ

የካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን፣ ደረስጌ ማርያም ውስጥ የቋራው ካሳ ኃይሉ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ዘውድ ጫኑ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ ያሠሩትም ራሳቸው ሊነግሡበት ነበር። ከዘውዱ በዓል ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ግን በጦርነት ተሸንፈው ተማረኩ። አቡነ ሰላማም ለውቤ የታሰበውን ዘውድ በካሳ ራስ ላይ ደፉት።

በዚያው ሰሞን በአውሮፓ፣ ቱሪን በምትባል ከተማ፣ አንድ ትንሽ ፓርላማ ጦፈ። የክርክሩ ርእስ የፒዬሞንቴ መንግሥት ምንም ጉዳይ ወደሌለው ወደ ክሪሚያ ጦርነት 15 ሺህ ያህል ወታደር ይላክ ወይስ አይላክ የሚል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካሚሎ ካቩር «ይላክ» አለ። ካቩር በሩሲያ ላይ ቂም አልነበረውም። የፈለገው ነገር እንግሊዝና ፈረንሳይ ባሉበት ጠረጴዛ ወንበር ማግኘት ነበር። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለ ጣሊያን መናገር ይችላልና።

ሁለቱ ሰዎች አይተዋወቁም። ሆኖም የያዙት ሥራ አንድ ነበር፤ በመሳፍንትና በትናንሽ መንግሥታት የተከፋፈለን አገር አንድ ማድረግ። የአንዱ ሥራ በ1861 «የጣሊያን መንግሥት» ተብሎ ታወጀ። የሌላው በ1868 መቅደላ ላይ በሽጉጥ ጥይት አከተመ። ከዚያም በኋላ ሁለቱ አንድነቶች ዓድዋ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ይህን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ዛሬ ስለ አንድነት ለሚደረገው ክርክር ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተጻፈባቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት የተከፋፈሉ አገሮች

በኢትዮጵያ ዘመነ መሳፍንት ተብሎ የሚታወቀው ጊዜ የሚጀምረው ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉበት ከ1769 ነው። ከዚያ በኋላ ጎንደር ላይ ንጉሥ አልጠፋም፤ ሥልጣን ግን አልነበረውም። ሥልጣኑ በደብረ ታቦር በተቀመጡት የየጁ ራሶች፣ በትግራይና በስሜን ደጃዝማቾች፣ በጎጃም ባላባቶች፣ በሸዋ ንጉሦችና በወሎ ኢማሞች መካከል ተከፋፍሎ ነበር። የየጁ ራሶች ንጉሡን እንደፈለጉ ያነግሡታል፤ እንደፈለጉም ያወርዱታል።

በጣሊያን ደግሞ ከናፖሊዮን ውድቀት በኋላ በ1815 በቪየና የተሰበሰቡት ነገሥታት አገሩን መልሰው ቆራረጡት። በሰሜን ምዕራብ ቱሪንን ዋና ከተማው ያደረገው የፒዬሞንቴና የሰርዲኒያ መንግሥት፣ ሚላኖንና ቬኒስን የያዘችው ኦስትሪያ፣ በመካከል የቶስካና፣ የፓርማና የሞዴና መስፍኖች፣ ሮምንና አካባቢዋን የሚገዙት የሮማው ጳጳስ፣ በደቡብ ኔፕልስንና ሲሲሊን የያዘው የቡርቦን ንጉሥ ነበሩ። «ጣሊያን» የሚለው ስም በመጻሕፍትና በካርታ ላይ እንጂ በመንግሥት ማኅተም ላይ አልነበረም።

በሁለቱም አገሮች ግን አንድ የቆየ ትዝታ ነበረ። ጣሊያኖች ሮምን ያስታውሳሉ። በጣና ዳር ያለ ሰውም ትዝታውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ላይ የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም አርፏል። በሐይቁ ገዳማት የተቀመጡት መጻሕፍት አንድ ንጉሠ ነገሥት የነበረበትን ዘመን ይናገራሉ። ካሳ ራሱ በልጅነቱ ገዳም ገብቶ የተማረ በመሆኑ ይህን ታሪክ ከልቡ ያውቀው ነበር። ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ፍትሕ ያሰፍናል የሚለውንም ትንቢት እንዲሁ።

የሐይቁ ዳር ጦርነቶች

የዘመነ መሳፍንት ፍጻሜ የተጀመረው በጣና ሰሜን ዳርቻ፣ በደምቢያ ነው። ደምቢያ ለም ነው፤ እህልና ከብት አለው፤ ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚወስደው የንግድ መንገድም ቅርብ ነው። ይህንን አገር የሚያስተዳድሩት የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ነበሩ። ካሳ በመጀመሪያ የእነርሱ አማች ሆነ፤ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገባ። ቀጥሎ ሸፈተ። በ1847 እቴጌ መነንን ማርኮ በምላሹ ሹመትና ግዛት አገኘ።

በ1848 ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ በመድፍ ተመታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመድፍ ነገር ከአእምሮው አልወጣም። ኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴን አሸነፈ፤ ጎሹም እዚያው ወደቁ። በሚቀጥለው ሚያዝያ ታኩሳ ላይ ራስ ዓሊና ውቤ የላኩበትን ጦር መታ። ሰኔ ላይ ጎጃም ገብቶ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረገ። የየጁ ዘመን በዚያ ቀን አበቃ። ከዚያ ብሩ ጎሹ፣ ከዚያም ውቤ ተራቸው ደረሰ።

በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየ ሥርዓት ፈረሰ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ ወሎና ሸዋ ገቡለት። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞተው ልጃቸው ምኒልክ ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ። ጋሪባልዲ በ1860 ከሺህ ጥቂት በሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች ሲሲሊን ሲይዝ አውሮፓ «ተአምር» ብላ ነበር። የካሳ ዘመቻ ከዚያ የሚያንስ አልነበረም።

ስለዚህ ልዩነቱ በጀግንነት ላይ አይደለም። ልዩነቱ ከድል በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው።

አንድ ዓይነት ችግር፣ ሁለት ዓይነት መንገድ

*የመጀመሪያው ችግር የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር።* በ1855 ግንቦት የፒዬሞንቴ ፓርላማ በርካታ ገዳማትን የሚዘጋና ንብረታቸውን ለመንግሥት የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ንጉሡ ፈራ፤ ጳጳሳቱ ተቃወሙ፤ ካቩር ለጥቂት ቀናት ከሥልጣን እስከ መልቀቅ ደረሰ። ሆኖም ተመልሶ ሕጉን በድምፅ አሳለፈ። የሮማው ጳጳስ አወገዙት፤ መንግሥቱ ግን አልወደቀም። ሕጉ የካቩር ብቻ ስላልነበረ ውግዘቱም በአንድ ሰው ራስ ላይ ብቻ አላረፈም።

ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ነገር አሰቡ። ለየደብሩ የተወሰኑ ካህናትና ዲያቆናት ይበቃሉ፤ የተረፈው መሬት ለገበሬው ይሰጥና ግብር ይክፈልበት አሉ። ሐሳቡ ለዘመኑ ትልቅ ነበር። የሚደግፈው ጉባኤ፣ የሚካፈለው መኳንንት፣ የሚያስፈጽመው ሹም ግን አልነበረም። ጉዳዩ ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ ወገን፣ ካህናቱ በሌላ ወገን ሆነው የተፋጠጡበት ጠብ ሆነ። ዘውድ የጫኑላቸው አቡነ ሰላማ ራሳቸው ታስረው በ1867 መቅደላ ላይ ሞቱ።

*ሁለተኛው ገንዘብ ነበር።* ፒዬሞንቴ ለጦርነቱ፣ ለባቡር ሐዲዱና ለወደቡ ከአውሮፓ ባንኮች እጅግ ተበደረ። በ1861 አገሩ አንድ ሲሆን የሁሉም መንግሥታት ዕዳ በአንድ መዝገብ ተጠቃለለ። ኔፕልስም የፒዬሞንቴን ዕዳ መክፈል ጀመረች። ይህ ለደቡቡ ሰው ፍትሐዊ አልነበረም። ነገር ግን ወታደሩ ደመወዝ ያገኝ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስም ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ፣ በደመወዝ እንዲኖር ፈልገው ነበር። የአሥር፣ የሃምሳ፣ የመቶና የሺህ አለቃ እያሉ ጦሩን በሥርዓት ለማዋቀር ጀመሩ። ደመወዙ ከየት ይምጣ? በጥሬ ገንዘብ የሚሰበሰብ ግብር አልነበረም። ከባንክ መበደር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ሠራዊቱ ለመብላት መዝመት ነበረበት። የተዘመተበት አገር ይራቆታል፤ የተራቆተው ይሸፍታል፤ ሸፍታውን ለመቅጣት እንደገና ይዘመታል። ይህ አዙሪት ከየትኛውም ጠላት በላይ መንግሥቱን በላው።

*ሦስተኛው የውጭ ወዳጅ ነበር።* ካቩር ያለ ፈረንሳይ ኦስትሪያን ማሸነፍ እንደማይችል ያውቃል። በ1858 ከናፖሊዮን 3ኛ ጋር በምስጢር ተዋዋለ። በ1859 ፈረንሳይ ከጎኑ ተዋጋች፤ በ1860 ካቩር የውለታውን ዋጋ ከፈለ፤ ሳቮይንና ኒስን ለፈረንሳይ አስረከበ። ኒስ የጋሪባልዲ የትውልድ ከተማ ነበረች። ጋሪባልዲ ካቩርን እስከ መጨረሻው ይቅር አላለውም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነትና የእጅ ሙያተኛ ፈለጉ፤ ቱርክና ግብፅ የባሕሩን በር እንደዘጉባቸው አመለከቱ። ለንደን ደብዳቤውን ተቀብላ ዝም አለች። እንግሊዝ በዚያን ጊዜ የቱርክ ወዳጅ ነበረች፤ ከጎንደር የምታገኘው ጥቅም አልታያትም። ንጉሠ ነገሥቱ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጥረው ቆንስሉን ካሜሮንንና ሌሎቹን አውሮፓውያን አሰሩ። የደብዳቤው መልስ እጅግ ዘገየ፤ በመጨረሻም ጦር መጣ።

ክሪሚያ እዚህም አለች። ካቩር ወታደር የላከባት፣ ለአንድ ዓመት ገደማ የተከበበችው ከተማ ሴባስቶፖል ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ያሠሩትን ትልቁን መድፍ «ሴባስቶፖል» አሉት። አንዱ ከዚያ ጦርነት የወሰደው የድርድር ወንበር ነበር፤ ሌላው የመድፍ ስም።

1866፦ ዘጌና ቬኒስ

ከሁሉ የሚያሳዝነው 1866 ነው። በዚያ ዓመት ጣሊያን ከፕሩሲያ ጋር ወግና ቬኒስን አገኘች። በውጊያው ራሷ በየብስም በባሕርም ተሸንፋ ነበር፤ ግን ወዳጅ መርጣለችና በሰው ድል ግዛት አተረፈች።

በዚያው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ከዛሬዋ ባሕር ዳር ፊት ለፊት፣ ዘጌ ላይ ሰፍረው ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ራሳም በሐይቁ ምሥራቅ ዳር ቆራጣ ተቀምጧል። እስረኞቹ ከመቅደላ ተፈትተው ቆራጣ ደረሱ፤ ነገሩ በሰላም የሚያልቅ መሰለ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሰሞን ከደንገል ትልልቅ ታንኳዎች አሠርተው መንኮራኩር ሊገጥሙላቸው ሞከሩ። የእንፋሎት መርከብ ወሬ ሰምተዋል፤ በእጃቸው ያለው ግን ደንገል ነበር። ሚያዝያ ላይ ሐሳባቸውን ቀይረው እንግዶቹን መልሰው አሰሩ። በሰፈሩ ኮሌራ ገባ። ሠራዊቱ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ።

በዚያን ጊዜ አገሩ ከእጃቸው ወጥቷል። በጎጃም ተድላ ጓሉ፣ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ፣ በሸዋ ከመቅደላ ያመለጠው ምኒልክ ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ ጎንደር ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ መጻሕፍቷ ተጭነው ሄዱ። አንድ ላደርጋት ያሏትን አገር ዋና ከተማ ያቃጠሉት ራሳቸው አንድ አድራጊው ነበሩ። የእርሳቸውን ትልቅነት የሚወድ ሰው ይህንን ዘልሎ ማለፍ የለበትም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። የናፒየር ጦር መቅደላ የደረሰው አገሩ ሳይወጋው ነው። የትግራዩ ካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ፣ መንገድ ለቀቁለት፤ በምላሹ መሣሪያ አገኙ። ይህ ክህደት ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አንድነቱ ለእነርሱ ምን እንደሰጣቸው የማያውቁ ወገኖች ለአንድነቱ አልሞቱለትም።

የጣሊያንም አንድነት ንጹሕ አይደለም

እዚህ ላይ «ካቩር ብልህ፣ ቴዎድሮስ ቁጡ» ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

አንድ የሆነችው ጣሊያን የመጀመሪያ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል «ዳግማዊ» የሚለውን ቁጥሩን አልቀየረም። የፒዬሞንቴ ሁለተኛ እንጂ የጣሊያን አንደኛ አልተባለም። ለደቡቡ ሰው ይህ «ተጠቅልላችኋል» ማለት ነበር። በመጀመሪያው ምርጫ የመምረጥ መብት ያለው ከሕዝቡ ከመቶ 2 ያህሉ ብቻ ነው። የጣሊያንኛ ቋንቋን የሚናገረው ሰው በሊቃውንት ግምት ከመቶ ከ3 እስከ 10 ነበር፤ የቀረው የየአገሩን ቋንቋ ይናገራል።

ደቡቡ በ1861 ሸፈተ። ቱሪን ሸፍታዎቹን «ሽፍቶች» ብላ በ1863 ልዩ ሕግ አወጣች፤ በወታደር ፍርድ ቤት ብዙዎች ተረሸኑ፤ መንደሮች ተቃጠሉ። ወደ መቶ ሺህ ወታደር ደቡብ ላይ ሰፈረ። ከ1869 ጀምሮ በእህል ወፍጮ ላይ የተጣለው ግብር ባስነሣው ረብሻ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ደቡቡ ደኸየ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ጣሊያኖች ይህን እስከ ዛሬ «የደቡብ ጥያቄ» ይሉታል።

እንግዲያው የጣሊያን አንድነትም ደም አለበት። የቆመው ግን ከጦሩ ሌላ የሚደገፍበት ነገር ስለነበረው ነው፤ ከ1848 ጀምሮ የተጻፈ ሕገ መንግሥት፣ ክርክር የሚደረግበት ፓርላማ፣ ጋዜጣ፣ ባንክ፣ የግብር መዝገብ። ካቩር አዋጁ በታወጀ በሦስተኛው ወር፣ ሰኔ 1861 ሞተ። መንግሥቱ ግን ቀጠለ። በኢትዮጵያ መሪው ሲሞት የሞተው መንግሥቱ ነው። ሁለቱን አንድነቶች የሚለየው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ለዐፄ ቴዎድሮስ ፍትሕ ለመስጠት ይህም ይባል፤ ካቩር የተዘጋጀ መንግሥት ወረሰ። ቴዎድሮስ የወረሱት ባዶ ዙፋን ነበር። ካቩር ወደብና ባቡር ነበረው። ቴዎድሮስ መንገድ ለማሠራት ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይውሉ ነበር። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻቸው ከግዕዝ ይልቅ በአማርኛ መጻፋቸው ብቻውን ለአንድ አገር ንባብ ትልቅ በር ከፍቷል። ያጡት ነገር ራእይ አልነበረም።

የሩባቲኖ መርከቦች

ሁለቱን ታሪኮች በአንድ ገመድ የሚያስር አንድ የንግድ ድርጅት አለ። በግንቦት 1860 ጋሪባልዲ ሺውን ተከታዮቹን ወደ ሲሲሊ ያሻገረው «ፒዬሞንቴ» እና «ሎምባርዶ» በተባሉ ሁለት የእንፋሎት መርከቦች ነው። መርከቦቹ የጄኖቫው ነጋዴ የራፋኤሌ ሩባቲኖ ድርጅት ንብረት ነበሩ።

በ1869 ማብቂያ የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ቀድሞ በኢትዮጵያ ሚሲዮናዊ የነበረው ጁሴፔ ሳፔቶ በቀይ ባሕር ዳር መሬት ለመግዛት ተዋዋለ። የገዛው በዚሁ በሩባቲኖ ድርጅት ስም ነው። ቦታው አሰብ ይባላል። በ1882 የጣሊያን መንግሥት አሰብን ከድርጅቱ ተረከበ። በ1885 ምጽዋን ያዘ። በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ተመታ፤ ግን አልተመለሰም።

ሰዎቹም እነዚያው ናቸው። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ሲፈረም የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ፍራንቼስኮ ክሪስፒ ከጋሪባልዲ ጋር በ1860 ሲሲሊ ከወረዱት አንዱ ነው። ዓድዋ ላይ የጣሊያንን ጦር የመራው ጄኔራል ባራቴሪም በወጣትነቱ ከእነዚያው ሺዎች አንዱ ነበር። አገራቸውን ከባዕድ አገዛዝ ነጻ ለማውጣት የዘመቱ ሰዎች በሰላሳ ስድስት ዓመታቸው ሌላውን አገር ለመግዛት ዘመቱ። የራሳቸው ደቡብ በድህነት እየተቃጠለ፣ ሕዝቡን በውጭ ድል አንድ እናደርገዋለን ብለው አሰቡ። የውስጥ ጥያቄውን ያልመለሰ መንግሥት ብዙ ጊዜ ወደዚህ መንገድ ይሄዳል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጠበቃቸው ማን ነበር? ዐፄ ምኒልክ፣ የቴዎድሮስ የመቅደላ እስረኛ። እቴጌ ጣይቱ፣ ደረስጌ ላይ የተሸነፉት የውቤ የወንድም ልጅ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት እምባቦ ላይ በምኒልክ ተሸንፈው የተማረኩ። የትግራዩ ራስ መንገሻ፣ የዐፄ ዮሐንስ ልጅ። የወሎው ራስ ሚካኤል፣ የሐረሩ ራስ መኮንን። አብዛኞቹ አንዱ የሌላውን ወገን የወጉ፣ ቂም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። አብረው የቆሙት ቂማቸው ስለጠፋ አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ «ንጉሠ ነገሥት እኔ ልሁን፣ በየአገራችሁ ግን ንገሡ» የሚል መንገድ ከፍተው ነበር፤ ምኒልክም ያንኑ በከፊል ቀጠሉበት። የየአገሩ መሪ የሚያጣው ነገር ነበረው፤ ስለዚህ ተዋጋ።

ይህም መንገድ ንጹሕ አልነበረም። በዐፄ ዮሐንስ መጨረሻ ዘመን ጎጃም በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተራቁቷል። ወደ ደቡብ የተደረገው መስፋፋት በጦር የተደረገ ነው፤ ገባር የሆነው ሕዝብ ትዝታው ሌላ ነው። ዓድዋ የሁሉም ድል ሆኖ ሳለ የሁሉም ጥያቄ መልስ አልሆነም።

ጣና እንደገና

ሮም ዓድዋን አልረሳችም፤ ጣናንም አልረሳችም። በ1925 እንግሊዝና ጣሊያን በደብዳቤ ተዋዋሉ፤ እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ ትሥራ፣ ጣሊያን ከኤርትራ እስከ ሶማሊያ በኢትዮጵያ ምድር የባቡር ሐዲድ ትዘርጋ ተባባሉ። ባለቤቱን አልጠየቁም። ራስ ተፈሪ በሚቀጥለው ዓመት ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ።

በ1936 የፋሺስት ጦር ጎንደርን፣ ቀጥሎም የጣናን ዙሪያ ያዘ። ትንሿን ባሕር ዳር ጊዮርጊስን የአስተዳደርና የጦር ሰፈር አደረጋት። በጎርጎራ ኮረብታ ላይ ያቆመው ሐውልት ዛሬም ሐይቁን ይመለከታል። በትናንሽ መንግሥታት መከፋፈልን ውርደት ብሎ የተነሣው አገር ኢትዮጵያን ሲይዝ የመጀመሪያ ሥራው ግዛቷን መቆራረጥ ነበር።

በሩን የከፈተለትም ያው የቆየ ቁስል ነው። በትግራይ ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ገና በጦርነቱ መጀመሪያ ገቡለት። በጎጃም የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ፣ አዲስ አበባ ያሰረቻቸው ቅሬታ ያደረባቸው ሰው፣ ከጣሊያን ጋር ወገኑ። አባታቸው ዓድዋ ላይ ተዋግተው ነበር። በሌላ በኩል ግን እነ በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህና መንገሻ ጀምበሬ ማንም ሳይሾማቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው ጎጃምን ለጠላት የእግር እሳት አደረጉት። ኅዳር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጅ ሰጠ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1947 የፓሪስ ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ከካሣው በተገኘ ገንዘብ ከተሠሩት አንዱ በ1961 ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የብዙ የባሕር ዳር ቤተሰብ እንጀራ ከዚያ ፋብሪካ ወጥቷል። ከተማዋ ያደገችው በከፊል የሁለቱ አንድነቶች ግጭት በተወው ሒሳብ ነው።

ዛሬ የሚያከራክረው

ዛሬ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሁለት ወገን ይከራከራል። አንዱ ሥዕላቸውን ከፍ አድርጎ «እንዲህ ያለ ቆራጥ መሪ ቢገኝ አገሩ አንድ ይሆን ነበር» ይላል። ሌላው «የመከራችን ሁሉ ምንጭ ይህ በጉልበት አንድ የማድረግ ሐሳብ ነው» ይላል። ሁለቱም የታሪኩን ግማሽ ይዘዋል። የመጀመሪያው ዘጌንና ጎንደርን አያነሣም። ሁለተኛው መሳፍንቱ ሲዋጉ የሚራቆተው ገበሬው እንደነበረ፣ ያለ አንድ መንግሥት ዓድዋ እንደማይኖር አያነሣም።

ጣሊያኖች ይህን ክርክር ዛሬም አልጨረሱም። በ1946 በሕዝብ ድምፅ ንጉሡን አሰናበቱ። በ1948 ሕገ መንግሥታቸው ሲሲሊንና ሰርዲኒያን የመሳሰሉ ክልሎች ልዩ የራስ አስተዳደር እንዲኖራቸው ፈቀዱ። በ1990ዎቹ ሰሜኑ ራሱ «እንገንጠል» የሚል ፓርቲ አቆመ። ፓርቲው በምርጫ ተወዳደረ፤ ፓርላማ ገባ፤ መንግሥት ውስጥ ተቀመጠ፤ ጥያቄውን እያለዘበ መጣ። ከተዋሐዱ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ የተነሣው ይህ ጥያቄ መድፍ አላስፈለገውም፤ የሚቀርብበት ወንበር ነበረው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ውጊያ አለ። ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ደብረ ታቦር፣ የዐፄ ቴዎድሮስ መንገዶች ሁሉ፣ የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል። ሁለቱም ወገን ስለ አገር ይናገራል፤ ሁለቱም የአባቶችን ስም ይጠራል። ገበሬው ደግሞ እንደ 1860ዎቹ ሁሉ የሚያልፈውን ጦር እየቆጠረ የሚዘራበትን ቀን ይጠብቃል።

ካሳ ኃይሉ ከቋራ ተነሥቶ ደረስጌ ለመድረስ መድፍ አላስፈለገውም ነበር። መድፉ ያስፈለገው ከዘውዱ በኋላ፣ ሰዎች ማመን ሲተዉ ነው። ጋፋት ላይ የተሠራውን ያን ከባድ ብረት በተራራና በገደል ወደ መቅደላ ለመጎተት ወራት ፈጀ፤ ብዙ ሺህ ሰው ጎተተው። መቅደላ ላይ ለውጊያ አልጠቀመም። ያንን ሁሉ ሰው በፈቃዱ የሚያቆም መንግሥት ቢኖር ኖሮ መድፉን መጎተትም ባላስፈለገ ነበር። የአንድነት ጥያቄ ዛሬም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ከሽጉጥ በፊት ጥያቄ የሚቀርብበት ወንበር ከየት ይምጣ? ማንስ ያስቀምጠዋል? ይህን የሚመልስ ወገን ዛሬ ከማንም አሸናፊ በላይ ለአገሩ ይጠቅማል።